ሦስተኛው ቅጂ ሞጣ ነበር

ሰው ከአዲስ አበባ ሞጣ የሚሄደው ዘመድ ሊጠይቅ፣ እህል ሊነግድ ወይም ተዛውሮ ነው። እኔ የሄድኩት አንድ ፖላንዳዊ ዘማሪዎቹን ምን ያህል ጊዜ ዝም እንደሚያሰኛቸው ለመስማት ነበር። ይህን ለስንት ሰው አውርቼ የሳቀ እንጂ ያመነ አላገኘሁም። አሁን ጊዜውም አልፏል፣ ሰዎቹንም የሚጎዳቸው የለም፤ ስለዚህ ያን መንገድ ላላዩትና ምናልባትም ለማያዩት እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተነሣሁ። ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ ጉዞው ከዳር እስከ ዳር ፍርሃት ነው። ደፋር ነኝ ብዬም አላውቅም።

በዚያን ጊዜ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሸክላና የካሴት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ሲባል ከእኔ በታች የነበረው አቧራው ብቻ ነው። ከሸክላዎቹ መካከል በሕይወት ያለ የአንድ ፖላንዳዊ የሙዚቃ ደራሲ ሥራ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ ብጽፈውም ምላስ ያስራል። ሙዚቃው ለብዙ ዘማሪና ለቫዮሊን የተደረሰ ነው። ሲጀምር የተነካ ቀፎ ይመስላል። ድምፆቹ እየተጠጋጉ ያጉረመርማሉ፣ ያቃስታሉ፣ እየከረሩ ይወጣሉ፤ ጆሮ አልችልም ሲል ሁሉም ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ከዝምታው በኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን ትገባለች።

ያ ዝምታ ነበር ያሳበደኝ። በሸክላው ላይ በጣም አጭር ነው፤ ሴትዮዋ የተቀደመች ይመስል ዘላ ትገባለች። ከራዲዮ የቀዳሁት ሁለተኛው ቅጂ ላይ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን የራዲዮው ሽሽ የሚል ድምፅ መሐሉን ስለሞላው ዝምታ ነው ለማለት አይቻልም። ሁለቱን እያፈራረቅሁ ስሰማ ዓመት አለፈ። ሰውየው ራሱ የፈለገው የትኛውን ነው? ዋርሶ የተማረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደራሲው ራሱ ቆሞ የመራው ሦስተኛ ቅጂ እንዳለ ነገረኝ። ካሴቱን ይዞት የመጣው ሞጣ ይሠራ የነበረ ፖላንዳዊ ሐኪም ነው። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ ካሴቱንም ማጫወቻውንም አብሮት ለሚሠራ ይርዳው ለሚባል ቁስል አጣቢ ድሬሰር አደራ ብሎ ሰጥቶታል።

ቀይ ሽብሩ ጋብ ብሏል የሚባልበት ጊዜ ነበር። ጋብ ይበል እንጂ ከአገር አገር ለመሄድ የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀና ሳይል «ጉዳይህ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር። ፖላንድ ሶሻሊስት አገር ናት፣ ምን አለበት? ግን የሶሻሊስት ሙዚቃ ሞጣ ምን ያደርጋል ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወንበር ፊት መልስ አጥተው ያልተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ። አፌ ቀደመኝ።

«መርዶ ላደርስ ነው» አልኩት። «ዘመዳቸው እዚህ አርፎ ገና አልሰሙም።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ረገብ አለ። መርዶ የያዘን ሰው ማቆየት ደግ አይደለም፤ ይህን ሊቀመንበርም ያውቃል።

«የሟች ስም?»

«አቶ ልየው።» ስሙ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

«ለማን ነው የምትነግረው?»

ሞጣ የማውቀው ስም አንድ ብቻ ነው። «ለይርዳው ድሬሰር ቤተሰብ።»

ማኅተሙን አሳረፈበት። ስወጣ፣ ሰው ባፉ ጉድጓድ ይቆፍራል የሚባለው ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ የምትቀዳ ቴፕ፣ ያልተቀዳበት ካሴት፣ የባትሪ ድንጋይና ጋቢ ነበሩ። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ከብት ዋጋ አጫወቱኝ። ከዚያ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመረ። የእኛ ከተማ አውቶቡስ ቁልቁለት ሲወርድ ሰው ወሬውን ይቀጥላል፤ እዚህ ሁሉም አፉን ዘጋ፣ ያማተበው ብዙ ነው። ሙቀቱ ከታች እንደ ምጣድ ትኩሳት ይቀበላል። ድልድዩ ጋ ውረዱ ተባልን፤ ተሰልፈን ተፈተሽን። አንድ ወታደር ቴፗን አውጥቶ እያገላበጠ አያት።

«ይቺ ለምንድን ናት?»

ይህን አስቀድሜ አላሰብኩበትም። «መርዶ ነው ይዤ የምሄደው፤ እዚህ የቀሩት ዘመዶች ሙሾውን ቀርጸህ አምጣልን ብለው ነው» አልኩ። መሸኛዬን አየ። ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ፣ በዚያ ዘመን ባለ ጠመንጃ ጮክ ብሎ የማይለውን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናቸው» አለኝና ቴፗን መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በሙሉ መርዶ ነጋሪ መሆኔን አወቀ። ሽማግሌው የከብቱን ወሬ ተዉት። ከኋላ አንዲት ሴት ሙዝ ላከችልኝ። ሐዘንተኛ መምሰል አልከበደኝም፤ ፍርሃትና ሐዘን ፊት ላይ ሲወጡ አይለዩም። ደጀን ስንደርስ ሽማግሌው የአልጋዬን ሊከፍሉልኝ ግድ አሉ፤ «ሬሳ ይዘህ እንደመሄድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ያንን አልጋ ከአዲስ አበባ አልጋዬ ጋር አላወዳድረውም። ትኋኑ ብቻውን ቀበሌ ነው፤ ተደራጅቶ ነው የሚመጣው።

ረቡዕ ቢቸና ለእህል በምትሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። የጤፍ አጨዳ ወቅት ስለነበር ግራና ቀኙ ሜዳ የነጣ ነው፤ መንገዱ ግን ክረምት ያቦካው መረሬ አፈር ደርቆ፣ መኪናዋ በእያንዳንዱ ቦይ ላይ ወደ ሰማይ ታወጣንና ትጥለናለች። የእኛ ሰፈር ጭቃ ከጫማ ላይ ይራገፋል፤ የዚህ የእነማይ አገር ጭቃ ከደረቀ በኋላም ያስከፍላል። ቴፗን እንደ ሕፃን አቅፌ ደረስኩ።

ቢቸና መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ባርኔጣውን አይኑ ድረስ ያወረደ አንድ ጎልማሳ የሚመስል አብዮት ጠባቂ መሸኛዬን ተቀበለ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ፤ አንብቦም እንደገና አነበበው።

«ልየው» አለ። «የማን ልየው?»

«የይርዳው ድሬሰር አጎት ናቸው።»

«እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። ልየው የሚባል አጎት አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«በልጅነታቸው ነው ከአገር የወጡ። በእናት በኩል ናቸው።»

«በእማማ ማዘንጊያ በኩል?» አለ። የድሬሰሩ እናት ማዘንጊያ እንደሚባሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አዎ አልኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቶ ቴፗን አየ። «ቴፕስ?» ለድልድዩ ወታደር ያልኩትን ለእርሱም አልኩ።

«መልካም» አለ። «ስትመለስ በዚሁ ነው የምታልፍ። የቀረጽከውን ታሰማኛለህ።»

ገመዱን ለቀቀልኝ። ልቤ ግን እዚያው ገመዱ ጋ ቀረ። ስመለስ ቴፗ ላይ የሚገኘው ሙሾ ሳይሆን ያ እንደ ቀፎ የሚያጉረመርም የፖላንድ ጉድ ነው። ይህን የሰማ አብዮት ጠባቂ የምስጢር መልእክት ነው ቢል በምን እከራከረዋለሁ? እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ሸክላው የተሰበረ መስሎኝ ነበር።

ያረፍኩት እትዬ ዘሪቱ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ጋ ነው፤ ከጓሮ ሁለት ክፍል ያከራያሉ። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮና ጎመን በነጭ እንጀራ አቀረቡ። አዲስ አበባ ነጭ ጤፍ እያልን የምንበላው ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። ግን አልወርድ አለኝ። እትዬ ዘሪቱ አላለፉኝም።

«ምነው ልጄ? እህል ፊት እንዲህ አይኮንም። ምን ገጥሞህ ነው?»

ነገርኳቸው፤ ማለቴ ውሸቱን ነገርኳቸው። የይርዳውን ስም ስጠራ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«የማዘንጊያ ቤት? ኧረ እባክህ! ማን ነው የሞተ?»

«አቶ ልየው የሚባሉ ወንድማቸው።»

«ወንድሟ» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሟ ነው እንጂ... ሌላ አይደለም?»

«አይደለም።»

ሌማቱን አነሡ። ኋላ በር ላይ ቆመው «ብቻህን ልትነግር ነው?» ሲሉኝ አዎ አልኳቸው። «አይ የከተማ ሰው!» አሉ። «መርዶ እኮ ባንድ አፍ አይነገርም። ሴትዮዋን ልትገድላት ነው? ግድ የለህም፣ ተኛ።» ግድ የለህም ሲሉኝ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ያደረጉትን ያወቅሁት በነጋታው ነው። ሳይነጋ ወደ ሞጣ በተነሣች መኪና ሾፌር ለሞጣ ሽማግሌዎች መልእክት ልከዋል።

ሐሙስ የኔ መኪና አርፍዳ ተነሣች። መንገድ ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ሞጣ እንደደረስኩ በማንም ሳልታይ ድሬሰሩን ጤና ጣቢያ አገኘዋለሁ፣ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ካሴቱን እቀዳለሁ፣ ሳይነቃብኝ እመለሳለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ወርደን ሻይ ስንጠጣ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑን ሊሳለም በሄደ፤ እኔ መኪናዋ ጥላኝ እንዳትሄድ ጎማዋን ስጠብቅ ቆየሁ። ስለ ደብረ ወርቅ የምጽፈው ጎማውን ብቻ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

ሞጣ አመሻሹ ላይ ገባን። ከመኪናው ስወርድ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ ቄስ ናቸው። ፊት ያሉት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

«መርዶ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ?»

መሮጥ አሰብኩ። ወዴት? «አዎ» አልኩ።

«እንኳን ደኅና መጣህ አይባልም። ና፣ እኔ ቤት ታድራለህ። ጎሕ ሲቀድ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ይርዳውም እናቱም እንዳያዩህ።»

ሐጂ ሰይድ ቤታቸው ዳቦ፣ ማርና ሻይ አቀረቡ። «ሥጋችንን አትበላም፤ ሻያችን ግን ክርስትናህን አይነካብህም» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከዚያ «ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። ደግ፣ ዝምተኛ አልኩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና «ዝምተኛ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለአንድ ዝምታ ብዬ የአንዲት የማላውቃት ሴት ቤት ላይ የሌለ ሞት ይዤ መምጣቴ ያን ሌሊት ነው ሙሉ በሙሉ የገባኝ።

ዓርብ ገና ሳይጠራ የድሬሰሩ ደጅ ደረስን። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሌሎች ሰዎችም ቀስ እያሉ ተጨምረው ነበር። ቄሱ በሩን መቱ። የከፈቱት እናትየው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ የለበሱ ሴት። ያን ሁሉ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ሲያዩ መቃኑን ያዙ። ከኋላቸው ልጃቸው ይርዳው ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ።

«ማን ነው?» አሉ እማማ ማዘንጊያ። «ማን ነው፣ ንገሩኝ!»

ሐጂ ሰይድ በክንዳቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ። «አቶ ልየው...» አልኩ። «ወንድምዎ። አዲስ አበባ አረፉ።»

ሴትዮዋ ልየው የሚባል ወንድም የላቸውም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እርሳቸው ያውቃሉ፣ ልጃቸውም አፉን ከፍቶ አየኝ። አሁን «ወንድም የለኝም» ይላሉ፣ ተያዝኩ አልኩ። እማማ ማዘንጊያ ግን እኔን አላዩኝም። ሐጂን አዩ፤ ቄሱን አዩ፤ እነዚያን ደጁን የሞሉትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ አዩ። ማንም ዓይኑን አልሰበረባቸውም።

ከዚያ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ልየው!» አሉ። «ልየው ወንድሜ! ወየው! ልየው!»

እንዲህ ዓይነት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ነቃ።

ይርዳው መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። የሐዘን ነው ብሎ ሰው ያየናል። በጆሮዬ «አንተ ማነህ?» አለኝ፤ ክንዱ ሊሰብረኝ ነው።

«ዶክተሩ ስለሰጡህ ካሴት ነው የመጣሁት» አልኩት በጆሮው።

«ካሴት?»

«የፖላንዱን ሙዚቃ።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ሰው ከኋላ «አይዞህ ይርዳው፣ ጠንከር በል» ይለዋል። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ዛሬም አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

እስከ ቀትር ድንኳን ተጥሎ ሞጣ በሙሉ መጣ። ይህ ነው ያስደነገጠኝ። አዲስ አበባ እንዲህ የሚለቀስ ለታወቀ ሰው ነው፤ እዚህ በሕይወት ኖሮ ለማያውቅ ሰው የገበያው ሰው፣ ተማሪው፣ ካህናቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ድንኳኑን ሞላው። ከመካከላቸው ክንድ የሚያህል ሽጉጥ የታጠቀ ወጣት ሲገባ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አንለይ ነው ተባልኩ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሟች በምን አለፉ?» አለኝ።

«በጨጓራ ሕመም።»

«ሲቀበሩ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ሰው ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ። «ጥቂት ነን የቀበርናቸው።»

አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አንዲት አልቃሽ ከመሐል ተነሥታ ደረቷን እየደቃች እንዲህ አለች፤

የሩቁን ሳለቅስ የቅርቡ ተነሣ፣
ዝም በሉት ተብሎ ሰው እንዴት ይረሳ።

ድንኳኑ ተነቃነቀ። እኔ ሽጉጡን ነበር የማየው። ጓድ አንለይ የኩታውን ጫፍ ወደ ፊቱ ሳበና እንደተከናነበ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ይርዳው ውኃ እንደሚያስመጣ ሰው ጠራኝና ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር እጁን አነሣ።

«ልየው የሚባል አጎት የለኝም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን አለኝ። ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ፋንታሁን ይባላል። አዲስ አበባ ሲማር ገድለው መንገድ ላይ ጣሉት። ማልቀስ ክልክል ነው፣ ድንኳን እንዳትጥሉ፣ ጥቁር እንዳትለብሱ ተባልን። እናቴ ሁለት ዓመት ነጭ ለብሳ ገበያ ወጣች። ስሙን በዚህ ቤት ጠርቶት የሚያውቅ የለም፤ እርሷም ጠርታው አታውቅም።»

«ሰዉ ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል። ለልየው ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሕዝብ?»

«ሊቀመንበሩስ?»

«አንለይና ፋንታሁን አንድ ወንበር ላይ ነው የተማሩት።»

ያን ሁሉ ቀን የፈራሁት ተያዝኩ ብዬ ነበር፤ አሁን የፈራሁት ለእነርሱ ነው። እኔ ብያዝ ውሸቴ ይወጣል፤ ውሸቴ ከወጣ ይህ ሁሉ ሰው ማንን እንዳለቀሰ ይጠየቃል። ቢቸና ላይ ስለተባልኩት ነገርኩት። ይርዳው ጥቂት አሰበና «ካሴቱን ቅዳ» አለኝ። «ለእሱ አይደል የመጣኸው? ባዶ እጅህን አትሄድም። ያ ሰው የሚለውን ደግሞ ያኔ እናያለን።»

ቅዳሜ ወደ እህል ክፍሉ አስገባኝ። የሐኪሙን ማጫወቻ በጤፍ ጆንያ ላይ አስቀመጠ፤ የእኔን ቴፕ ፊት ለፊቷ አደረግሁ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ የለንም፤ የሚቀዳው ከአየር ነው። የውጭው ለቅሶ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይገባል። በትምህርት ቤታችን አንድ ሰው ቢያስነጥስ ቀረጻ የማቋርጥ ሰው፣ ጸጥ እስኪል እንቆይ አልኩት።

«ሁለት ዓመት ጸጥ ብለን ነው የቆየነው» አለ ይርዳው።

ሁለቱን ቁልፎች ባንድ ጊዜ ተጫንኩ። ቀፎው ማጉረምረም ጀመረ። ጆሮዬን ልሰጥ ስል ከውጭ «መርዶ ነጋሪው የት ሄደ? ጓድ አንለይ ይጠይቃሉ» የሚል ድምፅ ሰማን። ያን ጊዜ ሴቶች እማማ ማዘንጊያን ደግፈው ትንሽ ይረፉ ብለው ወደ ጓዳ ሲያስገቧቸው ነበር፤ ጓዳውን ከእህል ክፍሉ የሚለየው በጭቃ የተመረገ እንጨት ብቻ ነው። ቴፖቹን እዚያው እየተጋጠሙ ትቼ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። የጓድ አንለይ ጥያቄ አንድ ነበር፤ መኪና አግኝቼ እንደሆነ። አላገኘሁም ስለው ነገ የሚሄድ መኪና አስገኘልኝ። ስመለስ ካሴቱ አልቆ ቆሟል። እስከ ሞጣ የመጣሁለትን ነገር ሞጣ ላይ ሳልሰማው ቀረሁ። የባትሪው ድንጋይ እንዳያልቅ ብዬ አላጫወትኩትም። ዋናውን ካሴት ይርዳው በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ አደራ ነው አለ፣ እኔም አልለመንኩትም።

እሑድ ስሰናበት እማማ ማዘንጊያ ጥቁር ለብሰው ነበር። ግንባሬን ሳሙኝ። «ልየውን ስላመጣህልኝ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ቢቸና ገመዱ ጋ ያው ሰው ነው። መሸኛዬን አልጠየቀም። «አሰማኝ» አለ።

ቴፗን አወጣሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። መጀመሪያ የተሰማው ያ ጉርምርምታ ነው፤ ግን እኔ የማውቀው አልነበረም። የፖላንዶቹ ዘማሪዎችና የሞጣ አልቃሾች ተደባልቀው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ከውጭ ደረት ሲደቃ ይሰማል። ቫዮሊኖቹ ሲከሩ ሴቶቹ ይቀበሏቸዋል። አብዮት ጠባቂው ጆሮውን አስጠጋ።

«ይህ ሁሉ ሰው ነው ያለቀሰ?»

«ከተማው በሙሉ» አልኩ።

ባርኔጣውን አወለቀ። ካወለቀው በኋላ ያየሁት ፊት ከገመትኩት በላይ ልጅ ነው። ድምፆቹ እየወጡ፣ እየወጡ ሄዱ። «እናቱ ናት?» አለኝ።

ልየው የሞቱባቸው እኅታቸው እንጂ እናታቸው አልነበሩም። እርሱ ግን ቀድሞኝ «እኅቱ ማለቴ ነው» አለና ራሱ ቁልፉን ተጭኖ አቆመው።

«ለቅሶ አይፈተሽም» አለ። «ሂድ።»

እትዬ ዘሪቱ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጥረውልኝ መኪናው ጋ ይጠብቁኝ ነበር። «ደኅና አለቀሰች?» ነበር ያሉኝ። «ደኅና አለቀሱ» አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ በሩን ቆልፌ ሦስቱንም ቅጂዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሸክላውን ሰማሁ። የራዲዮውን ሰማሁ። ከዚያ የሞጣውን አስገባሁና አብዮት ጠባቂው ያቆመበትን አለፍኩት። ድምፆቹ ጣራ ደርሰው ባንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ ውጭ ያሉት አልቃሾችም በዚያች ቅጽበት ትንፋሽ እየወሰዱ ነበር መሰለኝ። ትንፋሼን ይዤ መቁጠር ልጀምር ስል ከጓዳው በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ፋንታዬ» ይላል። «ፋንታዬ... ፋንታዬ።»

ያ ሰው ቁልፉን ትንሽ ዘግይቶ ተጭኖት ቢሆን ብዬ ወንበሬ ላይ ደነዘዝኩ። ከዚያ ካሴቱን መልሼ ሰማሁት፤ ብዙ ጊዜ ሰማሁት። የፖላንዷ ሴት ብቻዋን ስትገባ እማማ ማዘንጊያ ገና አልጨረሱም። ደራሲው ራሱ ዘማሪዎቹን ምን ያህል ጊዜ ዝም እንደሚያሰኛቸው የሚጠይቁኝ ባልደረቦች ነበሩ። እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ በእኔ ቅጂ ላይ ዝምታ የለም።